የውሰት ሞት

የአገራችንን ስም አልጽፍም። ንገረን ብትሉኝ መጀመሪያ እምቢ እላለሁ፣ እናንተ ትለምኑኛላችሁ፣ እኔ ደግሜ እምቢ እላለሁ፤ እንዲህ ስንባባል ዋናው ነገር ሳይነገር ይመሻል። ስሙን እዚያው እንተወውና በከተማችን ከሁለት ክረምት በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። ሲሆን አጠገቡ ነበርኩ። ገብቶኛል ግን አልልም።

እኔ በማስተዋወቂያ ቤት ቃል ጻፊ ነኝ። ማስተዋወቂያ ቤት ዕቃን ከዕቃ የሚያስተዋውቅ መሥሪያ ቤት ነው። በእኛ አገር አዲስ መሣሪያ የገዛ ሰው መሣሪያውን ከቤቱ ዋይፋይ ጋር በገዛ እጁ አያገናኝም፤ ነውር ነው። ድሮ ለዚህ ሥራ አስተዋዋቂዎች ነበሩን። ካኪ ኮት ለብሰው፣ መሰላል ተሸክመው ቤት ለቤት እየዞሩ ያገናኙ ነበር። እነሱ አርጅተው ጡረታ ሲወጡ በምትካቸው የተቀጠረ ሰው አልነበረም። "ስልክ ላይ ባለው አፓችን ውስጥ፣ ሰውን ደረጃ በደረጃ እየጠየቀ መሣሪያ የሚያገናኝ ነገር ይጨመርበት" ተባለና ሥራው ለዘርፌ ተሰጠ።

ዘርፌ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ከእኔ ጠረጴዛ ቀጥሎ ትቀመጣለች፤ ስትናደድም የምትስቅ፣ ሲገባትም የምትስቅ፣ ሳይገባት ሲቀር ደግሞ ከሁሉም በላይ የምትስቅ ልጅ ናት። ከእናቷ ከእትዬ ገላነሽ ጋር ሁለት ሆነው ይኖራሉ። ገጾቹን እሷ ትሠራለች፣ ገጾቹ ላይ የሚወጣውን ቃል እኔ እጽፋለሁ። ሠራተኛ እሷ ናት፤ እኔ ፊደል አሳማሪ ነኝ ብል ይቀላል።

ነገሩ የውሃ ጉዳይ ነበር። በየቤቱ ቧንቧ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሣጥን ተገጠመች። ሣጥኗ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ከተገናኘች፣ የሠፈሩ ተራ ሲደርስ ቧንቧውን ትከፍታለች። ካልተገናኘች ቧንቧው ዝግ ነው። ዘርፌ የሠራችው አገናኝ ሣጥኗ ላይ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ብሎ እንደሆነ ይጠይቃል፣ የዋይፋዩን ስም ያስመርጣል፣ የይለፍ ቃሉን ያስጽፋል። መጨረሻ ላይ እኔ የጻፍኩት ጥያቄ ይመጣል፦ "ላገናኝልዎ?" ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ "እሺ" ይላል፣ ሌላው "አይቸገሩ"። ደረቅ "አይ" ብሎ መጻፍ ባለጌነት ስለመሰለኝ ነው "አይቸገሩ" ያልኩት። በጊዜው ኮርቼበታለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ከአራት ሺህ ሁለት መቶ ቤት የተገናኘው አሥራ አንድ ነበር። ዘጠኙ ከሌላ አገር የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። አሥረኛው ጣቱ ያዳለጠው ሰው ነው፤ ራሱ መጥቶ ይቅርታ ጠይቋል። አሥራ አንደኛው ሳይጠራ ሠርግ ቤት በመግባት በከተማው ሁሉ የታወቀ ነው።

ዘርፌ ገጹ የተበላሸ መሰላት። ሦስት ቀን ሙሉ የሠራችውን እየፈታች ገጠመችው፤ ምንም ጥፋት አጣችበት። በአራተኛው ቀን ጎረቤቷ እትዬ ፈለቀች ዘንድ ሄደች።

"እትዬ፣ ሣጥኗን ለምን አላገናኟትም?"

"ጠየቀኝ እኮ የኔ ልጅ። አይቸገሩ አልኩት።"

"ውሃ አይፈልጉም እንዴ?"

"ውሃማ እፈልጋለሁ! ውሃ የማይፈልግ ማን አለ?"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ቁጭ ብዬ ብጠብቅ፣ 'እናመሰግናለን' ብሎኝ ጠፋ። ለካ ለአፉ ያህል ነው የጠየቀኝ ብዬ አዘንኩ። ሳልለመን እሺ ልበል እንዴ? ምን ያልበላሁ አደረግሽኝ?"

ዘርፌ እየሳቀች ተመለሰች። እኛ ሁላችንም በዚያው ወግ ያደግን ሰዎች ነን፤ ግን አፕ ሲሆን ወጉ የሚቀር መስሎን ነበር። በአገራችን ሰው አንዴ ተጠይቆ እሺ አይልም። ሁለቴ እምቢ ይላል፣ ሦስተኛው ላይ በሞት ይማልበታል፣ ያኔ ይሸነፋል። ሳይማልበት የተሸነፈ ሰው ልጁን የሚያገባለት አያገኝም።

ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው የልመና ሹማችን አቶ ማንያዘዋል ነበሩ። የመሐላ መርማሪው አቶ ዳምጠውም ከማይለያቸው ወፍራም የመሐላ መዝገባቸው ጋር መጥተው ነበር።

"በቃ፣ ሦስቴ ይጠይቅ" አሉ አቶ ማንያዘዋል። "ሦስተኛው ላይ 'በሞቴ' ይበል።"

"በማን ሞት?" አሉ አቶ ዳምጠው መነጽራቸውን እየወለወሉ።

"በራሱ ሞት ነዋ! አፑ 'በሞቴ' ይበል።"

"አፕ ይሞታል?"

አቶ ማንያዘዋል ወደ እኔ ዞሩ፣ እኔ ወደ ዘርፌ ዞርኩ። አቶ ዳምጠው ቀጠሉ።

"የማይሞት ነገር በሞቴ ካለ የሐሰት መሐላ ነው። የሐሰት መሐላ ሦስት ዓመት ያሳስራል። አፑን የት አድርገን ነው የምናስረው?"

ዘርፌ ሳቀች። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

ስለዚህ ለአፑ ሞቱን የሚያውስ ሰው መፈለግ ነበረበት። አቶ ማንያዘዋል "የእኔ ሞት የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ያለ በላይ አካል ፈቃድ አላውስም" አሉ። አቶ ዳምጠው "መርማሪ በሚመረምረው አይማልበትም" አሉ። እኔ ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ነበርና ሞቴ አስተማማኝ አይደለም ተብሎ ታለፍኩ። ጉንፋኑን ያነሣሁት እኔው ራሴ ነኝ።

"ምን ያስጨንቃችኋል፣ ቃል አይደል?" አለች ዘርፌ። "የእኔን ጻፉት።"

አቶ ዳምጠው ቅጹን አወጡላት። "ሞቴን ለማስተዋወቂያ ቤት አውሻለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ ሳይነካ ይመለስልኛል" ይላል። ፈረመች። እኔም በሦስተኛው ገጽ ላይ ጻፍኩ፦ "ዘርፌ ትሙት፣ ላገናኝልዎ!"

ከተማው ባንዴ ተገናኘ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ሺህ፣ በሦስተኛው አራት ሺህ ቤት እሺ አለ። ቧንቧዎቹ ሁሉ ይንፎለፎሉ ጀመር። አቶ ማንያዘዋል ከበላይ የምስጋና ደብዳቤ ደረሳቸውና መስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ዘርፌን ደግሞ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ያያት ጀመር። ሴቶች ጉንጯን እየያዙ "ላንቺ ብዬ እኮ ነው ያገናኘሁት" ይሏታል። አንድ ሽማግሌ አገር ሰላም ነው ብላ ስትሄድ ክንዷን ይዘው "ገና ልጅ ነሽ እንዴ! እኔ እኮ በዕድሜ የገፋሽ መስለሽኝ ስምሽን ካየሁ በኋላ አንድ ቀን አስጠበቅኩሽ" ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እሷም "ምንም አይደል አባባ" አለች።

ከዚያ ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ተዋሱ። አንዴ የወጣ ሞት ብዙ ቤት ይገባል። አውቶቡስ ውስጥ "ዘርፌ ትሙት፣ ጠጋ ጠጋ በሉ" የሚል ተለጠፈ። መንገዶች "ዘርፌ ትሙት፣ ግራዎን ይያዙ" አሉ። ዳቦ ቤቱ ራሱ ሰልፈኛውን "ዘርፌ ትሙት፣ አንድ አንድ ውሰዱ" እያለ ይለምን ነበር።

"ዛሬ ቆጠርኩ" አለችኝ አንድ ቀን። "ከቤት እስከ ቢሮ ሠላሳ አራቴ ሞቻለሁ።" ሳቀች፤ ግን ሳቋ እንደ ድሮው አልነበረም። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "እስቲ ቃሉን ቀይርልኝ" አለችኝ።

"ይህን ያህል የሠራ ቃል እንዴት ይቀየራል?" አልኳት። "ክረምቱ እስኪወጣ ታገሺ እንጂ።"

"እሺ" አለች። ሳትለመን እሺ ማለቷን ያን ጊዜ አላስተዋልኩም፤ ደክሟት ነበር።

"እናትሽ ምን አሉ?" አልኳት።

"እማዬማ ስለ አፑ አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም።"

ክረምቱ ወጣና መዝገቡ ተዘጋ። አራት ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ቤት ተገናኝቷል። አንድ ቤት ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ዘርፌ ከቢሮው በር ላይ ካርዷን ብታስነካ አልከፍት አላት። ደጋግማ አስነካች።

"ካርዴ ምን ሆኖ ነው?" አለችው ዘበኛውን።

"ካርድሽስ ደህና ነው" አላት ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ። "የሞትሽው አንቺ ነሽ እህቴ። ነፍስ ይማር። ደብዳቤሽ አቶ ዳምጠው ጋ ነው።"

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ዘበኛው ኮፍያውን መልሶ አላደረገም።

አቶ ዳምጠው በር ድረስ ወጥተው አስረዷት፤ ሟች ወደ ቢሮ አይገባምና። ያ አንድ ቤት ሦስቴ ተጠይቆ፣ ሦስተኛውም ላይ "ዘርፌ ትሙት" ተብሎ፣ "አይቸገሩ" ብሏል። በሕጋችን የተረገጠ መሐላ ይፈጸማል።

"እኔ አልገደልኩሽም" አሏት በደግነት። "መዘገብኩሽ እንጂ።"

"ቆሜ እያነጋገርኩዎት?"

"እሱን አይቻለሁ። መዝገቡ ላይ ግን መቆም የሚባል ዓምድ የለም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?"

"ሟች አቤቱታ አታቀርብም።" ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንደ ልጄ ስለማይሽ ግን ልንገርሽ፣ ያ ቤት እሺ ካለ መሐላው ይነሣል። እስከ ዓርብ ነው። ዓርብ መዝገቡ ይታተምና ቀብር አለ። አትፍሪ፣ ባዶ ሣጥን ነው የምንቀብረው። ግን ስምሽ አብሮ ይገባል። ከዚያ በኋላ በዚያ ስም የሚከፈት በር፣ የሚሰጥ ሥራ፣ የሚለቀቅ ውሃ አይኖርም።"

የእምቢተኛውን ቤት ሣጥን ቁጥር ሰጧት። ቁጥሩን አፑ ላይ ስታስገባ ካርታው ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ብልጭ አለች። ብቻዋን እንዳትሄድ ብዬ አብሬያት ወጣሁ። ድልድዩን ተሻገርን፣ ዳገቱን ወጣን፣ በወፍጮ ቤቱ ታጠፍን። ካርታው አንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ፊት አቆመን።

"ተበላሽቷል" አለች ዘርፌ። "ይሄ የኛ ቤት ነው።"

ስልኩን አጥፍታ አበራችው። ወደ ድልድዩ ተመለስንና በሌላ መንገድ፣ በቄራ በኩል ዞረን መጣን። ካርታው እዚያው በር ፊት አቆመን። ዘርፌ ነጥቧን አየች፣ በሩን አየች፣ እኔን አየች። እኔም ስልኬን አወጣሁና በእኔ ሞከርን። በእኔም ያው ነው።

እንዲህ ቆመን ሳለ እትዬ ገላነሽ ከጎረቤት በር ብቅ አሉ። ቢጫ ጄሪካን በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው ጎንበስ ብለው ይመጣሉ።

"እማዬ፣ ምንድን ነው እሱ?"

"ውሃ ነዋ።"

"ቧንቧው ምን ሆነ?"

"ሣጥኗ ከገባች ጀምሮ ጠብ ብሎ አያውቅም።"

"እኔ እኮ በየጠዋቱ እታጠባለሁ!"

"በፈለቀች ውሃ ነው የምትታጠቢው። አንቺ ሥራ ስትሄጂ እየቀዳሁ በርሜሉን እሞላዋለሁ።" ጄሪካኑን አስቀምጠው ወገባቸውን ያዙ። "ዛሬ ምነው በጊዜ መጣሽ?"

ዘርፌ ነገረቻቸው። እትዬ ገላነሽ ጄሪካኑ ላይ ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ስለ ውሃ እንደሚጠይቅሽ አላወቅሽም ነበር?" አለች ዘርፌ። 

"አውቄያለሁ። ማንበብ አላቃተኝም። ሁለቴ አይቸገሩ አልኩት፣ እንደ ወጉ። ሦስተኛው ላይ 'ዘርፌ ትሙት' ብሎ መጣ። ከሥሩ እሺ በይ ይላል። አገሩ ሁሉ እሺ ብሏል፤ ይበል። እኔ ወልጄሻለሁ። በዚህ ጣቴ ከዚያ ቃል ሥር እሺ አልልም።"

"ገደልሽኝ እኮ እማዬ!"

"እኔ?" አሉ እትዬ ገላነሽ። "እኔ ብቻዬን?"

ዘርፌ እናቷ ጉልበት ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናቷ ፀጉሯን እየደባበሱ ወደ እኔ ቀና አሉና "ማነው ግን ይኼን የጻፈው?" አሉ። ዘርፌ ወደ እኔ አላየችም። እኔ ጄሪካኑን አየሁ።

ዓርብ ጠዋት አቶ ማንያዘዋልና አቶ ዳምጠው መዝገቡንና ማኅተሙን ይዘው እነ ዘርፌ ቤት መጡ። ባዶውን ሣጥን የተሸከሙ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ሞልቷል፤ ግማሹ ለለቅሶ ለብሶ፣ ግማሹ ምን እንደሚለብስ ግራ ገብቶት ነበር። የድሮው መልስ ተሰርዞ አገናኙ ለዚህ ቤት እንደ አዲስ ተከፈተ። ደንቡ የቤቱ ባለቤት በራሳቸው ጣት ይንኩ ስለሚል ስልኩ ለእትዬ ገላነሽ ተሰጠ።

"ያው እንደ ወጉ ነው" አሉ አቶ ዳምጠው። "ሁለቴ አይቸገሩ ይበሉ። ሦስተኛው ላይ እሺ ይሏታል። ከዚያ ልጅዎ ትነሣለች።"

"ከዚያው ቃል ሥር?"

"ከዚያው ቃል ሥር።"

"ቃሉን ቀይሩት።"

"ለመቀየር ሌላ ሞት ያስፈልጋል" አሉ አቶ ማንያዘዋል። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እኔም ብሆን።

"እማዬ፣ በቃ በይልኝ" አለች ዘርፌ። "ቃል ነው። እኔ ምንም አልሆንም።"

እትዬ ገላነሽ መነጽራቸውን አደረጉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እኚህ ሴት በእምቢታቸው የታወቁ ናቸው። ሰባቴ ካልተለመኑ ገበታ አይቀርቡም፤ ሙሽሮች ከሠርጋቸው በፊት እምቢ አባባል ለመማር እሳቸው ዘንድ ይላኩ ነበር። ድሃ ናቸው፤ ሀብታቸው ያ ስም ነበር። በየድግሱ የክብሩን ወንበር የሚያገኙት በእሱ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መጣ። "ላገናኝልዎ?" ይላል። ሞትም የለበት፣ መሐላም የለበት። እትዬ ገላነሽ ትንሽ አዩት። ጎረቤቶቻቸውን አዩ። ከዚያ ጣታቸውን ዘርግተው "እሺ" የሚለውን ነኩ።

"ኧረ ጉድ!" ብለው እትዬ ፈለቀች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አቶ ማንያዘዋል ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከሕዝቡ አንዱ "አንዴ ነው የተጠየቁት፣ አይደል?" ሲል ሌላው "ዝም በል፣ አላየንም እንበል" ሲል ሰማሁ። ቧንቧው ሳል ሳል አለውና ቡናማ ውሃ ተፋ፣ ቀጥሎ ጠራ።

አቶ ዳምጠው መዝገባቸውን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጡ። "ገና አልተማለም እኮ!" አሉ ጨንቋቸው።

"ካልተማለማ" አሉ እትዬ ገላነሽ፣ "ማን ሞተ?"

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥም ምን እንደሚጻፍ የሚል ገጽ መዝገቡ ውስጥ አልተገኘም። አቶ ዳምጠው የዘርፌን ሞት በቀጭን መስመር ሰርዘው፣ ባዶው ሣጥን ለሌላ ጊዜ እንዲቀመጥ አዘዙ።

ዘርፌ ተነሣች፤ ካርዷም በሩን ይከፍትላታል። እናቷን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሁለተኛ አይለምናቸውም። ድግስ ቤት ከበሩ አጠገብ ያስቀምጧቸዋል፣ አንዴ ብቻ "ይብሉ" ይሏቸዋል፣ እሳቸውም "እሺ" ብለው ይበላሉ። ሙሽሮች እሳቸው ዘንድ መሄድ አቁመዋል። ዘርፌ ከአጠገባቸው ትቀመጣለች።

በሳምንቱ አቶ ማንያዘዋል ቢሮአቸው አስጠሩኝ። ገጹ ጥሩ ስለሠራ እንዳለ እንደሚቀጥል፣ ስሙ ብቻ እንደሚቀየር፣ ሞቱን የሚያውስ አዲስ ሰው እስኪገኝ ድረስ ለሙከራ ያህል የአንድ ሰው ስም እንዳስገባበት ነገሩኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ተመልሼ የዘርፌን ስም አጠፋሁና፣ ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ በቦታው የራሴን ጻፍኩ። አነበብኩት። ቶሎ ብዬ አጠፋሁት። የባለቤቴን ልጽፍ ጀመርኩና አንደኛው ፊደል ላይ እጄ ቆመ።

የዘርፌን ስም የጻፍኩ ቀን እጄ አልቆመም ነበር። ያን ቀን "ትሙት" በሚለው ላይ አንድ ፊደል ሁለቴ መትቼ ነበር፤ ያቺን ፊደል አርሜ ምሳ ወጣሁ።